«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ»፦ የምሳሌው ትርጉምና መነሻ ከወሎ ሲታይ

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ፣ ተሁለደሬ ወረዳ ውስጥ አክስቴ ቤት ቡና ተፈልቶ፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሊቀዳ ሲል፣ አንድ የጎረቤት ወጣት የቀበሌውን ሊቀመንበር በማዳበሪያ ክፍፍል እያማ ገባ። ገንዘብ የከፈለበትን ደረሰኝ አጥፎ በእጁ ይዟል፤ ስሙ ግን ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ጀበናውን ማቶቱ ላይ ያሳረፉት አሮጊት ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙና፣ «ተው ልጄ፤ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» አሉት። ወጣቱም ዝም ብሎ ስኒውን ተቀበለ። አገሪቱ ንጉሥ ካጣች ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል፤ ምሳሌው ግን ዛሬም ተጠርቶ ለአንድ ቀበሌ ሊቀመንበር ጥላ ሲሆን በዓይኔ አየሁ። የምሳሌውን ትርጉም ከሥሩ ለመመርመር የተነሣሁትም ከዚያ በኋላ ነው።

ምሳሌው አራት ቃላት ብቻ ያሉት፣ ቤት የሚመታ አነጋገር ነው። በጽሑፍ ሲታይ አንድ ይመስላል እንጂ በንግግር ሁለት መልክ አለው። «አይታረስ» በሚለው ቃል ውስጥ «ረ» ጠብቃ ስትነገር፣ ቃሉ «አይታረስም» ማለት ሆኖ መጨረሻዋ «ም» ብቻ ወድቃለች፤ ይህ ያለውን ነገር መናገር ነው። «ረ» ላልታ ስትነገር ግን «እንዳይታረስ» የሚል ክልከላ ይሆናል። «አይከሰስ» የሚለውም እንደዚያው ነው፤ የፊተኛዋ «ሰ» ስትጠብቅ «ሊከሰስ የማይችል» ማለት ይሆናል፤ ስትላላ ደግሞ «እንዳትከሱት» የሚል ትእዛዝ ይወጣዋል። ሁለቱንም አባባል ከሽማግሌዎች አፍ ሰምቻለሁ። አንዱ የተበደለ ሰው ምሬት ሲሆን ሌላው የባለሥልጣን ማስጠንቀቂያ ነው፤ ልዩነቱም ያለው ምላስ አንዲት ፊደል ላይ በምትቆይበት ጊዜ መጠን ላይ ብቻ ነው።

መነሻው የገበሬ አስተያየት ለመሆኑ ብዙ መድከም አያስፈልግም። የወሎ ደጋ ገበሬ በአምባሰልም ሆነ በደላንታ ገደል አፋፍ ድረስ የሚያርስ፣ በሬ የማይቆምበትን ተዳፋት በዶማ የሚቆፍር ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው «ይህ አይታረስም» ካለ በእርግጥ ሞፈርና ቀንበር የማይደርስበት ነገር ገጥሞታል ማለት ነው። ከዚህም በላይ ሰማይ ለእርሱ ሩቅ ብቻ አይደለም፤ ዝናም የሚሰጠውም የሚነሳውም ሰማይ ነው። በልግ ቢቀር፣ ክረምት ቢዘገይ፣ በረዶ አዝመራውን ቢመታው የሚያየው ወደ ላይ ነው፤ ቢያይም «ለምን?» ብሎ የሚያቆመው ተከሳሽ አያገኝም። ስለዚህ ንጉሥ ከሰማይ ጋር የተመሳሰለው በከፍታው ብቻ ሳይሆን፣ ሰጥቶም ነስቶም መልስ የማይጠየቅ በመሆኑ ጭምር ነው።

ሁለተኛውን ግማሽ ለመረዳት ግን ክስ ራሱ በጥንቱ ሥርዓት ምን ይመስል እንደ ነበር ማየት ይገባል። ክስ በዚያን ጊዜ ወረቀት አልነበረም። ከሳሽ የነጠላውን ጫፍ ከተከሳሹ ነጠላ ጫፍ ጋር ይቋጥርና፣ ሁለቱ በቁራኛ ታስረው ዳኛ እስኪያገኙ ድረስ አብረው ይሄዳሉ፤ መንገደኛ እንኳ ቢሆን «በሕግ አምላክ» ተብሎ ለዳኝነት ሲያዝ አረፍ ብሎ ነገሩን ይሰማል። ዳኛው ፊት ሲቆሙም ከሳሽ «ተጠየቅ» ብሎ ይጀምራል፤ «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ፣ በትራቸውን እየሰበቁ ይሟገታሉ። ዛሬ በየስብሰባው የምንሰማውን «ተጠያቂነት» የሚለውን ቃል ከባሕር ማዶ የመጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ የቃሉ ሥር ግን ይኸው «ተጠየቅ» ያሰኘው ግሥ ነው። ሁለት ነጠላ አንድ ላይ ተቋጥሮ ባለጸጋና ድሃ እኩል መሬት ላይ ይቆማሉ፤ ሕግ ለሁሉም እኩል ነው የሚለውን መርሕ ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ ሥዕል እኔ አላውቅም።

ችግሩ የሚመጣው ቁራኛው ወደ ላይ ሲወጣ ነው። የንጉሥ ካባ ጫፍ ከማን ነጠላ ጋር ይቋጠራል? ቢቋጠርስ ወደየትኛው ዳኛ ይወሰዳል? ከጭቃ ሹም ወደ ምስለኔ፣ ከምስለኔ ወደ አገረ ገዥ ይግባኝ እየተባለ የሚወጣበት መሰላል የሚያልቀው በንጉሡ ዙፋን ችሎት ነበር፤ ተበዳዩ «አቤት! አቤት!» እያለ የሚጮኸውም ለእርሱ ነው። የዳኞች ሁሉ ዳኛ እርሱ ከሆነ፣ እርሱን የሚከስ ሰው አቤት የሚልበት ቦታ የለውም። ምሳሌው እንግዲህ ስለ ንጉሥ ቅድስና ከሚናገረው ይልቅ ስለ መሰላሉ ማለቅ የሚናገረው ይበልጣል ባይ ነኝ።

ደሴ ከተማ ውስጥ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ የሚባል የግብር አዳራሽ አለ። ስሙ የመጣው ማንንም ሳይጠየፍ ሁሉን ያበላል ከሚል ሐሳብ ነው፤ ሀብታምና ድሃ በአንድ ጣራ ሥር የሚገናኙበት ማዕድ ማለት ነው። በወሎ ምድር እንዲህ ያለ ስም መውጣቱ አያስደንቅም። እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ግን «አይጠየፍ» እና «አይጠየቅ» የሚለያዩት በመጨረሻዋ ፊደል ብቻ መሆኑ ነው። ንጉሡ ማንንም አይጠየፍም፤ ማንም ደግሞ ንጉሡን አይጠይቅም። በማዕድ እኩል መሆንና በሕግ ፊት እኩል መሆን አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው የጌታ ቸርነት ነውና ጌታው በፈለገ ቀን አዳራሹን ሊዘጋው ይችላል።

ክስ ከነጭራሹ አልነበረም ማለት ግን አይደለም፤ መጣ፣ የመጣው ግን ያለ ችሎት ነው። በመስከረም 1909 ዓ.ም. አገሪቱን ይገዙ የነበሩት የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ኢያሱ ሐረር ሳሉ፣ አዲስ አበባ ላይ መኳንንቱና ጳጳሱ ተሰብስበው ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል በሚል ክስ ከሥልጣን አወረዷቸው። ተከሳሹ አልቀረቡም፤ መልስም አልሰጡም። መልሱን የሰጡት አባት ነበሩ፤ የወሎን ሠራዊት አስከትለው ዘመቱና ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ድል ሆነው ተማረኩ። ንጉሥ የማይከሰስበት ሥርዓት ንጉሥ የማይወርድበት ሥርዓት አይደለም፤ መውረጃው ጦር ሜዳ ስለሆነ ዋጋውን የሚከፍለው የገበሬ ልጅ ነው።

ከዚያ በኋላ ምሳሌው ወደ ሕግ መጽሐፍ ገባ። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱን ክብር የማይደፈር፣ ሥልጣናቸውንም የማይነካ አድርጎ ደነገገ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 62 ከዚያም አልፎ፣ በልማድ መሠረት ማንም ሰው ንጉሠ ነገሥቱን ሊከስ እንደማይችል በግልጽ ጻፈ። «በልማድ መሠረት» የሚለውን ሐረግ ልብ ይሏል፤ ገበሬው በምሬት ወይም በፍርሃት የተናገረውን፣ የሕግ አርቃቂዎች «ም»ዋን መልሰው «አይከሰስም» አደረጉት። ለፍትሕ ሲባል ግን ቀጥሎ ያለውንም ማንሳት ይገባል፤ ያው አንቀጽ ነዋሪው መንግሥትን፣ ሚኒስቴርንና መሥሪያ ቤትን በፍርድ ቤት እንዲከስ ይፈቅድ ነበር። ሰማዩ እንዳለ ሆኖ ደመናው መታረስ ጀምሯል ማለት ይቻላል።

ይህ አስተሳሰብ የእኛ ብቻ የሚመስለው ሰው የእንግሊዞችን ታሪክ ይመልከት። በ1215 እ.ኤ.አ. ንጉሥ ዮሐንስ በመሳፍንቱ ተገድዶ የተቀበለው ታላቁ የመብት ሰነድ፣ ንጉሡ ቃሉን ቢያፈርስ 25 መሳፍንት ግንቦቹንና ርስቱን እንዲይዙበት ይፈቅድ ነበር፤ ይህ ንጉሥን የመክሰስ የመጀመሪያው፣ ያልተሞረደ ሙከራ ነው። በጥር 1649 እ.ኤ.አ. ቀዳማዊ ቻርልስ ለንደን ላይ ችሎት ፊት ሲቆም፣ እኔን ልትዳኙ በማን ሥልጣን ነው ብሎ ክሱን ለመመለስ እምቢ አለ፤ በምድር ላይ ከንጉሥ በላይ ዳኛ የለም የሚለው ክርክሩ ከእኛ ምሳሌ ጋር ቃል በቃል ሊባል በሚችል ደረጃ ይገጥማል። ተፈርዶበት አንገቱን ተቀላ። እንዲያም ሆኖ በዚያው አገር ዘውዱን ማለትም መንግሥትን ስለ አደረሰው ጉዳት እንደ ማንኛውም ሰው መክሰስ የተቻለው በ1947 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ነው።

የጥንት አቴናውያን ነገሩን የፈቱት ከሌላ በኩል ነበር፤ ሰማዩን ለማረስ ከመታገል ይልቅ ሰማይ የሚሆን ሰው እንዳይኖር አደረጉ። ክሌይስቴንስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ508 ገደማ ካደላደለው ሥርዓት በኋላ፣ አብዛኛው ሹመት በዕጣ የሚወጣና ለአንድ ዓመት ብቻ የሚቆይ ሆነ። ዓመቱ ሲያልቅ ተሿሚው ሒሳቡን ያቀርባል፤ ማንኛውም ዜጋ ተነሥቶ ሊከሰው ይችላል። ከተማዋን ለብዙ ዓመታት በምክሩ የመራው ፔሪክሊስ ራሱ ተከስሶ የገንዘብ መቀጮ ከፍሏል፤ ብዙም ሳይቆይ እንደገና ተመርጧል። ሴቶች፣ ባሮችና መጻተኞች ከዚህ መብት ውጭ እንደ ነበሩ ግን መዘንጋት የለበትም፤ የነጠላው ቁራኛ የደረሰው ለጥቂቶች ነበር።

ወደ ወሎ ልመለስ። የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. ረሃብ የምሳሌው ሁለት ግማሾች የተገናኙበት ጊዜ ነው። ዝናሙ ቀረ፤ ሰማይ አልተጠየቀም። የተራበው ሕዝብ ከደሴ ወደ ሰሜን በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ተሰልፎ መኪና እያስቆመ ሲለምን፣ ወሬው ለወራት ተሸፈነ፤ መንግሥትም አልተጠየቀም። ህንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን ይህን ረሃብ ሲመረምር፣ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ረሃቡን በሚያህል ደረጃ እንዳልናረ፣ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ እህል ይወጣ እንደ ነበር አመለከተ፤ ገበሬው ያጣው መግዣ ነበር። ኋላም ነጻ ምርጫና ነጻ ጋዜጣ ባለበት፣ ዴሞክራሲ በሚሠራበት አገር ታላቅ ረሃብ ደርሶ አያውቅም ሲል ደመደመ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሊጠየቅ የሚችል ሹም ዝም ብሎ ለመቀመጥ ይፈራል።

በ1966 ዓ.ም. ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ኒክሰን በዎተርጌት ቅሌት ምርመራ የተፈለጉትን የድምፅ ቅጂዎች እንዲያስረክቡ በሙሉ ድምፅ አዘዘ፤ ነሐሴ ላይ ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ጥይት አልተተኮሰም። ከአንድ ወር በኋላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ፤ በኅዳር ወር ደግሞ ወደ 60 የሚጠጉ ባለሥልጣናትና መኮንኖች፣ የባለሥልጣናቱን ጥፋት እንዲያጣራ የተቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን ሥራውን ሳይጨርስ፣ ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ከእነርሱ መካከል የወሎን ሕዝብ በእርግጥ የበደለ ሰው ቢኖር እንኳ፣ ወሎ «ተጠየቅ» ብሎ መልሱን የሚሰማበት ዕድል አብሮ ተቀበረ።

አሁን በሥራ ላይ ያለው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 ማንኛውም ኃላፊና የሕዝብ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን፣ ሕዝቡም እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ይደነግጋል። በጽሑፍ ረገድ እንግዲህ ምሳሌው ተሽሯል። በቋንቋው ውስጥም ተቃዋሚ ምሳሌ አላጣም፤ «በሕግ አምላክ ቢሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» ይባላል፤ «ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» የሚልም አለ። የትኛው ምሳሌ በየትኛው ቤት ቶሎ ወደ አፍ እንደሚመጣ ማየት ስለዚያ ቤት ብዙ ይናገራል።

አክስቴ ቤት በረካው ተቀድቶ አሮጊቷ ለዱአ እጃቸውን ዘረጉ፤ እኛም አሚን አልን። ወጣቱ ደረሰኙን እንደገና ፈታና፣ «እማማ፣ ይህ ሰውዬ ግን እኛው እጃችንን አውጥተን የመረጥነው አይደል እንዴ?» ሲል ጠየቃቸው። «እሱማ እኔም አውጥቻለሁ» አሉና ስኒዎቹን ወደ ረከቦቱ እየሰበሰቡ ጥቂት አሰቡ። ከዚያም «በል ማመልከቻህን ጽፈህ አምጣው፤ እኔም በጣቴ እፈርምልሃለሁ» አሉት።