ዕድሜ ሲገፋ ትውስታችን ምን ይሆናል?

በዕድሜ የገፋ ሰው አንድ ነገር ሲረሳ «ጃጀ» እንላለን። ቃሉ አጭር ነው፤ ግን ሁለት በጣም የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ይጠቀልላል። አንደኛው በማንኛውም ጤነኛ አንጎል ላይ በዕድሜ የሚመጣ ለውጥ ነው። ሌላኛው በሽታ ነው። ሁለቱ ሲምታቱ ሰው ይጎዳል። አንዱ የሚያውቀው ሰው ስም ስለጠፋው ብቻ እንቅልፍ ያጣል። ሌላው ደግሞ ሕክምና እያስፈለገው «እርጅና ነው፣ ምን ይደረግ» ተብሎ ይተዋል።

ከአንጎሉ እንጀምር። የአዋቂ ሰው አንጎል ከ1.3 እስከ 1.4 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ከ40 ዓመት በኋላ በየአሥር ዓመቱ በግምት 5 በመቶ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከ70 በኋላ ደግሞ ይፈጥናል። ይህ የሚሆነው የነርቭ ሕዋሳት በየቀኑ በገፍ ስለሚሞቱ ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። ዛሬም ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። ነገር ግን የዴንማርክ ተመራማሪዎች የአንጎልን ቅርፊት ሕዋሳት ቆጥረው እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ በ20 እና በ90 ዓመት መካከል ያለው ልዩነት 10 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። አብዛኞቹ ሕዋሳት አሉ ማለት ነው። የሚሳሳው ሌላ ነገር ነው። ሕዋሳቱ ይኮማተራሉ። እርስ በርስ የሚገናኙባቸው ቅርንጫፎች ይመናመናሉ። ረጃጅሞቹን የነርቭ ክሮች የሚሸፍነው ማይሊን የተባለ ስብ ያለበት ሽፋንም ይጎዳል። ማይሊን መልእክቱ በፍጥነት እንዲያልፍ የሚያደርግ ነው። እሱ ሲሳሳ መልእክቱ ይደርሳል፤ ግን ይዘገያል።

ለውጡ በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ለማየት የሚያገለግለው የአንጎል ክፍል ብዙም አይነካም። ከግንባር ጀርባ ያለውና ሐሳብን የሚሰበስብልን ክፍል ግን ይበልጥ ይቀንሳል። ሂፖካምፐስ የተባለው ትንሽ ክፍልም እንዲሁ። ሂፖካምፐስ የዛሬውን ውሎ ወደ ትውስታ የሚያሳልፍልን እሱ ስለሆነ ለውጡ መጀመሪያ የሚሰማን በዕለት ተዕለት ነገር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ትውስታ አንድ ዓይነት አይደለም። ኤንደል ተልቪንግ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1972 የራሳችንን ገጠመኝ ማስታወስን ከአጠቃላይ እውቀት ለይቶ አስቀመጠ። ትናንት ከማን ጋር ምን እንዳወራን ማስታወስ የመጀመሪያው ነው። ዝናብ ከደመና እንደሚመጣ ማወቅ ሁለተኛው ነው። ዕድሜ የሚፈትነው በዋናነት የመጀመሪያውን ነው። እውቀት ይቆያል። የቃላት እውቀት እንዲያውም እስከ ስድሳዎቹ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እያደገ ይሄዳል። እጅ የለመደው ሙያም፣ ሽመና ይሁን ብስክሌት መንዳት፣ በቀላሉ አይረሳም።

ብዙ ሰው የሚያማርረው ግን በስም ነው። «ምላሴ ላይ ነበር!» ይላል። ስም ለምን ይከብዳል? ስለ ሰውየው ምንም ስለማይናገር ነው። ሰውየው ሐኪም መሆኑን ካወቅን ነጭ ጋወን፣ መርፌ፣ ታማሚ፣ ብዙ ነገር አብሮ ይመጣል። አንዱን ክር ስንስብ ሌላው ይከተላል። ሀብታሙ የሚባል ሰው ግን ሀብታም ላይሆን ይችላል። ስሙን ከፊቱ ጋር የሚያስረው አንድ ቀጭን ክር ብቻ ነው። ያ ክር ሲላላ ሥራውን፣ ድምፁን፣ የልጆቹን ቁጥር ሁሉ እያስታወስን ስሙን ብቻ እናጣለን። ታዲያ የመጀመሪያውን ፊደል ሰው ከነገረን ወዲያው ይመጣል። እኔ ከሁሉም በላይ የሚያጽናና ሆኖ ያገኘሁት ይህንን ነው። ስሙ አልጠፋም ነበር። መንገዱ ነው የረዘመው።

ሌላው ድካም ትኩረት ላይ ነው። ቴሌቪዥን ተከፍቶ፣ ሰው እያወራ፣ ስልክ እየጠራ ቁልፉን ያስቀመጠ አዛውንት በኋላ ቢያጣው ረሳ ለማለት ይከብዳል። መጀመሪያውኑ አንጎሉ አልመዘገበውም። ወሬውን አስታውሶ «ማን ነበር የነገረኝ?» ማለትም በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው። የወጣትነት ዘመን ግን ደምቆ ይቀራል። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች የሕይወታቸውን ታሪክ ሲጠየቁ ከ10 እስከ 30 ዓመታቸው ያለው ጊዜ በብዛት ይመጣላቸዋል።

ስንት ነው ታዲያ ቅነሳው? የድሮ ጥናቶች ወጣቶችንና ሽማግሌዎችን በአንድ ቀን ፈትነው ያወዳድሩ ስለነበር አጋንነውታል። ሽማግሌዎቹ ያገኙት ትምህርት ያነሰ እንደነበር በወጉ አላሰቡበትም። እ.ኤ.አ. በ1956 በአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ የተጀመረው ጥናት ግን ያንኑ ሰው በየሰባት ዓመቱ እየተመለሰ ፈተነ። ብዙዎቹ ችሎታዎች እስከ ስድሳ ዓመት አካባቢ ያን ያህል ሳይወርዱ ቆዩ። በሰውና በሰው መካከል ያለው ልዩነትም በጣም ሰፊ ነበር።

ይህን ልዩነት ቁልጭ አድርጎ ያሳየው በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረው የመነኮሳት ጥናት ነው። 678 ካቶሊካውያን ሴት መነኮሳት ተሳትፈውበታል። ሲሞቱ አንጎላቸው እንዲመረመር ፈቅደው ነበር። ከእነርሱ አንዳንዶቹ አንጎላቸው ትውስታን ቀስ በቀስ በሚያጠፋው በሽታ፣ በአልዛይመር፣ ምልክት ተሞልቶ ሳለ እስከ መጨረሻው ንቁ ነበሩ። ተመራማሪዎች ለዚህ የሚሰጡት ማብራሪያ የአእምሮ ስንቅ የሚል ነው። በትምህርት፣ በሥራና በማኅበራዊ ኑሮ የተጠራቀመ ጉልበት ጉዳቱን ይሸከመዋል።

አንጎል በእርጅናም ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት 120 በዕድሜ የገፉ ሰዎች ተሳትፈው ግማሾቹ ለአንድ ዓመት በሳምንት ሦስት ቀን በእግር ተራመዱ። ሂፖካምፐሳቸው 2 በመቶ ያህል አደገ። የሌሎቹ ግን ቀነሰ። የደም ግፊትን መቆጣጠር፣ በደንብ መተኛትና ጆሮ ሲከብድ ሳይዘገዩ መታከምም ዋጋ አላቸው። አእምሮ ያጎለብታሉ ተብለው የሚሸጡት ጨዋታዎች ግን በአብዛኛው የሚያጎብዙት በዚያው በጨዋታው ላይ ነው። እኔ ብሆን ገንዘቤን ለጥሩ መራመጃ ጫማ አውለው ነበር።

መቼ ነው ሐኪም ማየት የሚያስፈልገው? ከወሬው ዝርዝሩን መርሳት የዕድሜ ነው። ማውራቱን ራሱ ረስቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያንኑ ጥያቄ ደጋግሞ መጠየቅ ግን ሌላ ነው። አዲስ ሰፈር መንገድ መሳት የማንም ነው። ለሠላሳ ዓመት የተመላለሱበት መንገድ ላይ መጥፋት ግን አሳሳቢ ነው። ጤነኛው ሰው ብዙ ጊዜ ስለ መርሳቱ ራሱ ይጨነቃል። በበሽታው ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጨነቀው ቤተሰብ ነው። ደግሞም የሚያስረሳው ሁሉ አልዛይመር አይደለም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ እጢ መዳከም፣ ድብርት፣ አንዳንድ የእንቅልፍና የአለርጂ መድኃኒቶች አእምሮን ያደበዝዛሉ። እነዚህ ቀድሞ ከተደረሰባቸው ይታከማሉ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ለማወቅ ደግሞ የደም ምርመራ ይበቃል።