«የሳንባ ምች ክትባት» የምንለው ፒሲቪ ምንድን ነው?

ባለፈው ሳምንት ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ሬዲዮው ላይ አንድ ሰው ስለ ልጆች ክትባት ያወራል። «የእህቴ ልጅ ሦስቱንም ዙር ተከትቧል፤ ከዚያ የሳንባ ምች ያዘው። ታዲያ ክትባቱ ምኑን ተከላከለ?» አለ። አጠገቤ ሕፃን የታቀፈች እናት ነበረች። «እውነቱን ነው» ብላ ራሷን ነቀነቀች። እኔ እዚሁ መሀል ከተማ ክትባት ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ይህን ጥያቄ መስማት ከጀመርኩ ቆየሁ። የዚያን ቀን ግን አንጀቴን በላኝ፤ ምክንያቱም ያቺ ልጅ የምትወጋው እናቷ ካመነችበት ብቻ ነው።

ችግሩ ከስሙ ይጀምራል። ፒሲቪን «የሳንባ ምች ክትባት» ብለን ለመድነው። እኛ ባለሙያዎቹም እንደዚያ እንላለን፣ ቶሎ ይገባል ብለን። የሳንባ ምች ግን የሕመም ስም ነው። ሳንባ ተቆጥቶ፣ ፈሳሽና መግል ሞልቶት፣ አየር አላስገባ ሲል የምንሰጠው ስም ነው። ይህን የሚያመጣው ብዙ ነው። ቫይረስ አለ፣ ሌሎች ባክቴሪያዎች አሉ፣ ቲቢም አለ። ፒሲቪ የተሠራው ከእነዚህ ለአንዱ ነው፤ ኒሞኮከስ ለሚባለው ባክቴሪያ።

ኒሞኮከስ ደግሞ ሳንባ ላይ ብቻ አይቆምም። ጆሮ ውስጥ ገብቶ መግል ያስፈስሳል። ደም ውስጥ ገብቶ ሰውነትን በሙሉ ያጠቃል። የአንጎል ሽፋን ላይ ሲደርስ ማጅራት ገትር ይሆናል። ከእሱ የተረፈ ልጅ የመስማት ችሎታውን ሊያጣ ይችላል። እናቶች ይህን ስነግራቸው ይደነግጣሉ። «ለሳንባ ነው ያላችሁን እኮ!» ይሉኛል። ስሙ የክትባቱን ሥራ በአንድ በኩል ያበዛል፣ በሌላ በኩል ያሳንሳል።

«ምች» የሚለው ቃልም የራሱ ጣጣ አለው። አያቶቻችን ምች የሚሉት ፀሐይ ላይ ሲወጡ የሚመታውን፣ ከንፈር የሚያቆስለውን፣ በዳማከሴ የሚታሸውን ነው። ስለዚህ የሳንባ ምች ሲባል ብዙ ሰው ብርድ ወይም ፀሐይ መታው ብሎ ያስባል። ብርድ ባክቴሪያ አይፈጥርም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ስድስት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ያድራል፣ መስኮቱ ይዘጋል፣ ከሰል ይቀጣጠላል፣ አንዱ በሌላው ላይ ያስላል። ልጁን የሚጎዳው ይሄ ነው። ዳማከሴውን አልነቅፍም፤ የሚያሳስበኝ ልጁ እየታሸ የሚያልፈው ቀን ነው።

ባክቴሪያው ደግሞ ቤታችን ያለ ነው። በፈረንጆቹ 1881 ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተርና አሜሪካዊው ጆርጅ ስተርንበርግ ለየብቻቸው ስለ እሱ ጻፉ። ስተርንበርግ ያገኘው ከራሱ ምራቅ ነው፤ አልታመመም ነበር። ዛሬም ብዙ ጤነኛ ልጆች አፍንጫቸው ውስጥ ይዘውት ይጫወታሉ። አብዛኞቹ ምንም አይሆኑም። አንዱ ጉንፋን ሲይዘው ወይም ምግብ ሲያንሰው ግን ባክቴሪያው ወደ ሳንባው ይወርዳል።

አሁን የሐበሻ ልብስ ወደሚሸጥበት ሽሮ ሜዳ እንሂድ። ኒሞኮከስን ነጠላ እንደለበሰ ሰው አስቡት። ነጠላው ከስኳር ዓይነት ነገር የተሠራ ሽፋን ነው። ጥለቱ ይለያያል፤ እስካሁን ከ100 በላይ ጥለት ታውቋል። ሰውነታችን ባክቴሪያውን የሚለየው በጥለቱ ነው። አንዱን ጥለት አውቆ የሚይዝ ሰውነት ሌላውን ላያውቀው ይችላል። ክትባቱ ብዙ ልጅ የሚጎዱትን ጥለቶች መርጦ አስቀድሞ ያሳየዋል። አገራችን በ2004 ዓ.ም. ስትጀምር የመጣው ባለ 10 ጥለት ነበር። ባለ 13ም አለ።

ታዲያ ጥለቱን ብቻ ቆርጦ ማሳየት አይበቃም? ለአዋቂ ይበቃል። 23 ጥለት የያዘ የቆየ ክትባት አለ፣ ለትልልቅ ሰዎች ይሰጣል። ከ2 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ግን ጥለቱን ቢያሳዩትም አይይዘውም፤ ሰውነቱ ገና ለስኳር ሽፋን ንቁ አይደለም። ስለዚህ ነጠላው ጫፍ ላይ ቃጭል ተሰፋ። ቃጭሉ ፕሮቲን ነው። ሲያቃጭል ሕፃኑ ዞር ይላል፣ ጥለቱንም አብሮ ያጠናል። በኋላ ቃጭል የሌለው ባክቴሪያ ቢመጣም ጥለቱን ያውቀዋል። ፒሲቪ ከሚለው ስም መሀል ያለችው «ሲ» የምትናገረው ይህን ነው፤ የተጣመረ ማለት ናት።

ምሳሌውን ትንሽ ልግፋው። የተከተቡ ልጆች ሲበዙ እነዚያ ጥለቶች ከሰፈሩ እየተመናመኑ ይሄዳሉ፤ የሚቀመጡበት አፍንጫ ያጣሉ። አሜሪካ ሕፃናቷን መከተብ ስትጀምር ያልተከተቡት አያቶችም መታመማቸው ቀነሰ። ገበያው ግን ባዶ አይቀርም። ክትባቱ ውስጥ የሌሉ ጥለቶች ቦታውን ይይዛሉ። ይህን አልደብቅም፤ ባለ 15 እና ባለ 20 የተሠሩትም ለዚህ ነው። ቢሆንም በልጆች ላይ ከባዱ ሕመም በጥቅሉ ቀንሷል።

እንግዲህ ሬዲዮው ላይ ያወራኸው ወንድሜ፣ የእህትህ ልጅ ሳንባ ውስጥ የነበረው ምን እንደሆነ አንተም እኔም አናውቅም። ቫይረስ ሊሆን ይችላል። ክትባቱ ውስጥ የሌለ ጥለት ሊሆን ይችላል። ክትባቱ ውስጥ ያለው ራሱ አልፎት ሊሆንም ይችላል፤ መቶ በመቶ የሚከላከል ክትባት የለም። ራጅ ሳንባው መታመሙን እንጂ የጀርሙን ስም አይናገርም። የደም ምርመራም ብዙ ጊዜ አያገኘውም። «ተከትቦ ታመመ» ከሚለው ተነስቶ «ክትባቱ አይሠራም» ማለት፣ በሩን ቆልፌ ዝናብ በጣሪያ ገባብኝ ብሎ ቁልፉን እንደ መጣል ነው።

ሦስቱ ዙር በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ነው። በቀኝ ጭን ይወጋል፣ ግራው ለሌላ ክትባት ነው። የሚቀረው ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ነው። ከፒያሳ ተነስተው ሌላ ክፍለ ከተማ የገቡ እናቶች «የድሮው ጤና ጣቢያ ራቀኝ» ብለው ይተዉታል። ካርዱን ይዛችሁ አቅራቢያችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ በነፃ ነው። ቀኑ ቢያልፍም ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ ከአንድ አይጀመርም። ኤችአይቪ በደሟ ካለ እናት የተወለደ ወይም ጣፊያው የታመመ ልጅ ካላችሁ ደግሞ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ለእነሱ ኒሞኮከስ የበለጠ ይከፋል።

በዚያው ሳምንት አንዲት አያት የ7 ወር ልጅ ይዘው መጡ። ካርዱ ሙሉ ነው። «ሲስተር፣ ሁሉንም አስወግተነዋል፤ ይኸው ቁና ቁና ይተነፍሳል» አሉኝ። ጠብቶ እስኪረጋጋ ጠበቅኩት፤ የሚያለቅስ ልጅ ትንፋሽ አይቆጠርም። ሹራቡን እስከ ደረቱ ገለጥኩ። ሰዓቴን አይቼ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠርኩ። ሩብ ደቂቃ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ያሳስታል። 58 ሆነ።

ከ2 ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ትንፋሽ ነው። ልጁ ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ በታች ስርጉድ ካለ ወይም መጥባት ካቃተው ቁጥር ሳትጠብቁ ሐኪም ቤት ሩጡ። በጣም የከሳ ልጅ ደግሞ ሳንባው ታሞ ትኩሳት ላይኖረው ይችላል።

ይህኛው ደረቱ አልሰረጎደም፣ ይጠባል። ሐኪሙ በውሃ የሚሟሟ አሞክሳሲሊን አዘዘለት፣ ጠዋትና ማታ። አያትየው ወጥተው ከበሩ ተመለሱ። «ታዲያ ያ ሁሉ መርፌ ከንቱ ነበር?» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እማማ፣ መርፌው የሚከላከለው አንዱን ክፉ ነው፣ ሌላ ሳይሆን አይቀርም የገባው» አልኳቸው። ስለ ጆሮውና ስለ ማጅራት ገትሩም ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። «ታናሿም ስትወለድ አመጣታለሁ» አሉ፤ ምራታቸው ነፍሰ ጡር ናት።

በቀጠሯቸው ቀን ተመለሱ። ሹራቡን ራሳቸው ገለጡት። እኔ ሰዓቴን ስይዝ እሳቸው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አብረውኝ ይቆጥራሉ። ደቂቃዋ 38 ላይ አለቀች። «እኔም 38 አገኘሁ» አሉ።