ባሌ ተራሮች ድንኳን ልትተክሉ ነው? የሚባለውና እውነታው

ጥር ሲደርስ የጓደኞቼ ወሬ አንድ ነው። «ዘንድሮ ባሌ እንውጣ፣ ድንኳን እንትከል፣ ዓሣ እንያዝ።» ጥሩ ሐሳብ ነው። ፓርኩም በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ስሙ የበለጠ ተነስቷል። ችግሩ ከጉዞው በፊት የሚዘንበው ምክር ነው። መካሪው ብዙ ጊዜ የፓርኩን ከፍተኛ ሜዳ፣ ሳነቴን፣ በመኪና መስኮት አይቶ የተመለሰ ሰው ነው። እኔም መጀመሪያ ስሄድ እንዲህ ያለውን ምክር ይዤ ሄጄ ሌሊቱን ሙሉ ጥርሴ ሲንገጫገጭ አድሯል።

«ብርድ የክረምት ነው፣ በበጋ ምንም አይል»

ተቃራኒው ነው። ክረምት ላይ ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ የቀኑን ሙቀት ይይዘዋል። በጋ ላይ ሰማዩ ጥርት ይልና ሙቀቱ ሁሉ ወደ ላይ ያመልጣል። የሳነቴ ሜዳ ደግሞ ከባሕር ወለል 4000 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው ያለው። ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ሌሊቶች ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ቢወርድ የሚገርመው የለም። ቀን ፀሐዩ አፍንጫ ይልጣል፣ ሌሊት ውሃ በረዶ ይሆናል። ራስጌዬ ያስቀመጥኳት ሃይላንድ ጠዋት ብገለብጣት ጠብ የሚል ነገር አልነበራትም።

«ጋቢ ካለህ ምን ትፈልጋለህ»

ጋቢን አልሰድብም፣ ቤቴ ያለሱ አልተኛም። ግን ጥጥ ነው። ጤዛ ከጠጣ ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅ። ከዚያ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ድንኳን ውስጥ ክፉው ብርድ የሚመጣው ከመሬት ነው። እኔ ሁለት ጋቢ ደርቤ ከሥሬ ግን አንዲት ስስ ምንጣፍ ብቻ አንጥፌ ነበር፣ ደረቴ እየሞቀ ጀርባዬ ደነዘዘ። እኩለ ሌሊት ላይ አንዱን ጋቢ አጥፌ ከሥሬ ሳደርገው ነው ትንሽ የተነፈስኩት። ስለዚህ መጀመሪያ ወፍራም ስፖንጅ ያዙ፣ ከዚያ ደህና ስሊፒንግ ባግ፣ የሱፍ ካልሲና ኮፍያ። ጋቢው ቦታ ከተረፈ ይምጣ።

«አንድ ሁለት መለኪያ አረቄ ያሞቃል»

ያሞቀ ይመስላል። አልኮል ቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚከፍት ፊት ይግላል፣ የውስጥ ሙቀት ግን በዚያው ይወጣል። ደግሞ ጠዋት ራሳችሁን ሲያማችሁ የአረቄው ይሁን የከፍታው አታውቁም።

«ስፖርተኛ ነኝ፣ ከፍታ አይነካኝም»

ይነካል። የከፍታ ሕመም ጡንቻ አይቶ አይመርጥም። «አዲስ አበባ አይደል የኖርኩት» የሚልም አለ። ለማንኛውም አዲስ አበባ 2300 እና 2400 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሳነቴ ላይ ያለው ተራራ ቱሉ ዲምቱ ግን ጫፉ 4377 ሜትር ነው። እንዲያውም መንገዱ እስከ ጫፉ መኪና ስለሚያስወጣ ነው ሰው የሚዘናጋው። ሰውነት ግን በመኪና ፍጥነት አይለምድም። የመጀመሪያውን ሌሊት የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ባለበት በዲንሾ እደሩ፣ ውሃ ጠጡ፣ በማግስቱ ቀስ ብላችሁ ውጡ። ራስ ምታቱ ከባሰ፣ ማስታወክ ከመጣ፣ ሰውየው መንገዳገድ ከጀመረ፣ «ትንሽ ይረፍ» አትበሉ። ከሜዳው ዝቅ ብለው ወዳሉት ወደ ጎባ ወይም ወደ ሪራ አውርዱት።

«ምስር ወጥ እዚያው እንሠራለን»

ሞክረነዋል። 4000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 87 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ይንተከተካል እንጂ ቶሎ አያበስልም። ምስሩ ጥርስ ላይ እየተንቋቋ በላነው፣ ቡታጋዙም አለቀ። በሶ፣ ጭኮ፣ ቆሎ ያዙ። የአገሩ ሰው ጭኮ የሚሰንቀው ወዶ አይደለም።

«እንጨት እዚያው ሞልቷል»

የምታዩት እንጨት አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ነው፣ በዚያ ብርድ እንደገና ለማደግ ዓመታት ይፈጅበታል። ጅብራ የሚባለው ረጅሙ የደጋ ተክልማ ጭራሽ አይነካም። ማገዶ ከቆረጣችሁ ጥፋቱ የእናንተ ነው። ምድጃችሁን ከነጋዙ ይዛችሁ ሂዱ።

«ሐይቅ ካለ ዓሣ አለ»

ሳነቴ ላይ ያሉት ሐይቆች አብዛኞቹ ጥልቀት የሌላቸው ናቸው፣ አንዳንዶቹም በጋ ሲጠና ይደርቃሉ። ገርባ ጉራቻ የተለየ ነው። ጥንት ግግር በረዶ ፍቆ ያበጀው ጎድጓዳ ውስጥ ያለ ሐይቅ ነው፣ ከላይ ሆናችሁ ስታዩት ነፍስ ይማርካል፤ ለማየት ሂዱ፣ መንጠቆ ግን አትሸከሙ። የባሌ ዓሣ ትራውት ነው፣ ኑሮውም ወንዝ ውስጥ ነው፣ እንደ ወይብና ዳንካ ባሉት። የአገሩም ዓሣ አይደለም። ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው። ለማጥመድ ፈቃድ ስለሚያስፈልግ ዲንሾ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

አያያዙም እንደ ሐዋሳ ዓሣ አይደለም። ትራውት ፊቱን ውሃው ወደሚመጣበት አዙሮ፣ ከድንጋይ ጀርባ ተጠግቶ ይቆማል። ከፊቱ ከመጣችሁ፣ ወይ ጥላችሁ ውሃው ላይ ካረፈ፣ አበቃ። ከታች ወደ ላይ፣ ከኋላው፣ ጎንበስ ብላችሁ ቅረቡ። እኛ አራት ሆነን እየሳቅን ስንቀርብ ምን እንደያዝን መገመት አያቅታችሁም።

«ቀይ ቀበሮ ድንኳን ይሰብራል»

ስሙ ቀበሮ ይሁን እንጂ የተኩላ ዘመድ ነው። በዓለም የቀሩት 500 አይሞሉም፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው። ሰው አይነካም። እንዲያውም እሱ ነው እኛን መፍራት ያለበት፣ በተለይ ውሾቻችንን። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ እየተጋባ መንጋውን ደጋግሞ ጨርሶታል። ስለዚህ ውሻችሁን እቤት ተዉት፣ ትርፍራፊም አትጣሉለት።

በመጨረሻው ጠዋት አንዱን አየነው። ሃምሳ ሜትር ያህል ርቆ አንድ ጉድጓድ ላይ ጆሮውን ቀስሮ ቆመ። ፍልፈሉ ብቅ አለ፣ ዘለለ፣ ሳተው። ዞር ብሎ እንኳን አላየንም፤ ወደሚቀጥለው ጉድጓድ ሄደ።