ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ

ሁለት ሰዎች ተጣልተው አንዱ ጀምሮ ሳይጨርስ ሌላው ከአፉ ሲነጥቀው፣ ነገሩም ከዛሬው ስድብ ወደ አምናው ብድር፣ ከአምናው ብድር ተመልሶ ወደ ዛሬው ስድብ ሲመላለስ፣ ከተቀመጡት መካከል በዕድሜ የገፋው እጁን ያነሣና «እስቲ ቆዩ፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላል። ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው አንድ ነው፤ መጀመሪያ ምን ሆነ? ምሳሌውን የምናውቀው በዚህ አገልግሎቱ ነው። የፊተኛው ግማሽ ሥራውን ይሠራል፤ የኋለኛው ግን ቤት ለመምታት የተጨመረ አጃቢ መስሎ ይታለፋል። እኔም ለብዙ ዓመት እንደዚያ ሳስበው ኖሬያለሁ።

አነጋገሩ ግሥ የለውም። ነገርንና ውሃን ምን እናድርጋቸው? አልተነገረም፤ ሰሚው ራሱ ይሞላዋል። ነገርን ከሥሩ ጠይቅ፣ ውሃን ከጥሩ ቅዳ። «ጥሩ» የሚለው ቃል ዛሬ ከ«መልካም» ጋር አንድ ሆኖ ስለሚሰማን ትርጉሙን ሳንመረምር እናልፈዋለን። ቃሉ ግን «ጠራ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ የግዕዝ ዘመዱ «ጽሩይ» ንጹሕ፣ ድፍርስ የሌለበት ማለት ነው። ሰማይ ይጠራል፣ ውሃ ይጠራል፤ ጥሩ ወርቅ ስንልም ሌላ ማዕድን ያልተቀላቀለበትን ማለታችን ነው። እንግዲህ «ከጥሩ» ማለት ውሃው ከጠራበት ስፍራ ማለት ነው።

ስፍራውን ምንጭ ላይ ጎንበስ ብሎ የቀዳ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ውሃው ከዓይኑ ሲፈልቅ አሸዋውን በቀስታ እያንገዋለለ ይወጣል፤ እዚያ ላይ ከሥር ያለችው ጠጠር እንኳ ትቆጠራለች። ሁለት እርምጃ ዝቅ ሲል የከብት ኮቴና ቀድሞ የመጣ ሰው እግር ያገኘዋል። ከዚያ ወዲያ ጭቃ ነው። ስለዚህ ቀጂው ወደ ላይ፣ ወደ ዓይኑ ይጠጋል። ነገርም እንዲሁ ከአፍ ወደ አፍ በወረደ ቁጥር የሚረግጠው ይበዛል። ሁለቱ ግማሾች ታዲያ አጃቢና ታጃቢ አይደሉም፤ ሁለቱም «ወደ ላይ ውጣ» ነው የሚሉት።

ቋንቋችን ይህን ዝምድና በአንድ ግሥ ቋጥሮታል። ውሃን በጨርቅ ስናሳልፍ «አጣራን» እንላለን፤ የተካሰሱ ሰዎችን ጉዳይ ስንመረምርም «አጣራን» እንላለን። ውሃ ይደፈርሳል፤ ነገርም ይደፈርሳል። ለእኔ ከምሳሌው የጎደለው ግሥ ይኸው ነው።

ምሳሌውን ሳይሰማ ሁለቱንም ግማሽ በአንድ ሳምንት የፈጸመው የለንደኑ ሐኪም ጆን ስኖው ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 በሶሆ ሰፈር ኮሌራ ገብቶ በአሥር ቀን ውስጥ ከ500 በላይ ሰው ጨረሰ። የዘመኑ ሊቃውንት በሽታው ከሚሸት አየር ይመጣል ይሉ ነበር። ስኖው ግን የሟቾቹን ቤተሰቦች ቤት ለቤት እየዞረ ውሃ ከየት ትቀዱ ነበር ብሎ ጠየቀ። አብዛኛው ጣት ብሮድ ስትሪት ወደሚገኝ አንድ ፓምፕ ጠቆመ። እዚያው ጎዳና ላይ የነበረው የቢራ ፋብሪካ ሠራተኞች በሽታው አልያዛቸውም፤ ከፓምፑ ውሃ ይልቅ ቢራ ይጠጡ ነበርና። በተቃራኒው ከሰፈሩ ርቃ ሃምፕስቴድ የምትኖር አንዲት ባልቴት ሞተች፤ የዚያን ፓምፕ ውሃ ጣዕም ስለምትወደው በጠርሙስ እያስመጣች ትጠጣ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር ሴፕቴምበር 8 ቀን የፓምፑ እጀታ ተነቀለ። በኋላ ሲመረመር ከጉድጓዱ ጥቂት ጫማ ብቻ ርቆ የመጸዳጃ ጉድጓድ ተገኘ።

ባልቴቷን መርሳት አልችልም። ለእሷ ያ ውሃ ጥሩ ነበር፤ ያውም ከሌላው መርጣ። ዓይንና ምላስ ድፍርሱን ያውቃሉ እንጂ የኮሌራን ባክቴሪያ አያውቁም። በምንጩ ዓይን ላይ የቆመው ቀጂ ያየው ውሃው ከጭቃ መጥራቱን ብቻ ነው፤ የቀረውን ያወቅነው ከማይክሮስኮፕ በኋላ ነው። ጀርም ያለበት ሊሆን ይችላል ተብሎ የሚጠረጠር ውሃ መጀመሪያ ተጣርቶ፣ ከዚያ እየተንፈቀፈቀ ቢያንስ አንድ ደቂቃ መፍላት አለበት፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ደግሞ ሦስት ደቂቃ፤ ውሃ በከፍታ ላይ የሚፈላው በአነስተኛ ሙቀት ስለሆነ።

ስለ ውሃ መጠጣት የሚነገረውን ነገር ራሱን ከሥሩ እንየው እስቲ። «በቀን ስምንት ብርጭቆ» የሚለውን ያልሰማ የለም። እኔ ሥሩን ፍለጋ ስወጣ ያገኘሁት እ.ኤ.አ. በ1945 በአሜሪካ የምግብና ሥነ ምግብ ቦርድ የወጣ ምክር ነው። ለአዋቂ ሰው በቀን 2.5 ሊትር ያህል ውሃ ተስማሚ ነው ይላል፤ ቀጥሎም የዚህ መጠን አብዛኛው በተዘጋጀ ምግብ ውስጥ እንደሚገኝ ይናገራል። የስምንቱ ብርጭቆ መነሻ ይህ ሊሆን እንደሚችል ብዙዎች ይገምታሉ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ከአፍ ወደ አፍ ወረደ፤ ሁለተኛው መንገድ ላይ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2002 ሃይንዝ ቫልቲን የተባለ የኩላሊት ሊቅ ለስምንቱ ብርጭቆ ሳይንሳዊ ማስረጃ ፈልጎ ለጤነኛ አዋቂ ሁሉ የሚሠራ አላገኘሁም ብሎ ጻፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ የአሜሪካ የሕክምና ተቋም ያወጣው መጠን ለወንድ 3.7፣ ለሴት 2.7 ሊትር ቢሆንም፣ ይህ ከመጠጥ ሁሉና ከምግብ የሚገኘው ተደምሮ ነው፤ ከአምስት አንድ ያህሉ ከምግብ ይገባል።

ይህን ስል ውሃ መጠጣትን አቃልላለሁ ማለት አይደለም። አንድ ጊዜ ለሳምንታት ከቀትር በኋላ እየመጣ ግንባሬን የሚወጋኝ ራስ ምታት ነበረብኝ። በኪሴ የማስታገሻ ክኒን ይዤ እዞር ነበር። ሐኪሙ ዘንድ ስሄድ ሌላ ክኒን ይጽፍልኛል ብዬ ስጠብቅ ወረቀቱን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ «ዛሬ ከነጋ ምን ጠጡ?» አለኝ። ሁለት ሲኒ ቡና። «ሽንትዎስ ምን ይመስላል?» ሃፍረቱ ያዘኝና የሻይ ቀለም ነው አልኩት። «መልካም፤ እንግዲህ ከዚያ እንጀምር» አለ። ራስ ምታት ሁሉ ከውሃ እጥረት አይመጣም፤ የእኔ ግን ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ ካስቀመጥኩ በሁለተኛው ሳምንት ለቀቀኝ።

ሐኪሙ ከሽንት ቀለም የጀመረው ያለ ምክንያት አልነበረም። በሰውነታችን ውስጥ ማጣሪያው ኩላሊት ነው። በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራል፤ ከመቶ ዘጠና ዘጠኙን መልሶ ለደም ይሰጥና አንድ ወይም ሁለት ሊትር ብቻ በሽንት ይጥላል። ውሃ ሲያንስ ደም ይወፍራል። በውስጡ የሟሙት ጨዎች ክምችት በመቶ አንድ ወይም ሁለት እንኳ ከፍ ሲል አንጎል ይነቃል፤ ጥማችንን ይቀሰቅሳል፤ ቫዞፕሬሲን የተባለውን ሆርሞን ልኮም ኩላሊትን «ውሃውን ያዝ» ይለዋል። ኩላሊት ይታዘዛል፤ ግን ቆሻሻውን ለማስወጣት ቢያንስ ግማሽ ሊትር ያህል ሽንት ያስፈልገዋል። ያ ጥቂት ሽንት ወፍራምና ጠቆር ያለ ይሆናል።

የወፈረ ሽንት ለዓመታት ሲመላለስ ምን ያደርጋል? በውስጡ የሟሙት ጨዎች መቀመጫ ያገኛሉ፤ ጠጠር ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ የጣሊያን ሐኪሞች ጥናት ለመጀመሪያ ጊዜ የኩላሊት ጠጠር የያዛቸውን 199 ሰዎች አምስት ዓመት ተከታትሏል። በቀን ሁለት ሊትር ሽንት እንዲወጣቸው አድርገው ከጠጡት መካከል ጠጠሩ የተመለሰባቸው ከመቶ 12 ሲሆኑ፣ ካልተመከሩት ግን ከመቶ 27 ናቸው። የሽንት ፊኛ ኢንፌክሽን ለሚደጋገምባቸው ሴቶችም ነገሩ ተፈትኗል። ቀድሞ ጥቂት ይጠጡ የነበሩ 140 ሴቶች ተመርጠው ግማሾቹ በቀን 1.5 ሊትር ውሃ ተጨመረላቸው። በአንድ ዓመት ውስጥ ኢንፌክሽኑ እነዚህን በአማካይ 1.7 ጊዜ ሲይዛቸው ሌሎቹን 3.2 ጊዜ ያዛቸው። ፊኛ በተደጋጋሚ ሲታጠብ ባክቴሪያው ሥር ለመስደድ ጊዜ ያጣል። ስለ ቆዳ ማማርና ስለ ውፍረት መቀነስ የሚወራው ግን ይህን ያህል የጠራ ማስረጃ የለውም፤ እኔም አልሟገትለትም።

ከልክ ማለፍም አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 የቦስተን ማራቶን ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች ከመቶ 13ቱ የሶዲየም መጠናቸው ከልክ በታች ወርዶ ተገኝቷል፤ ብዙዎቹ በሩጫው ጊዜ ከመጠን በላይ ጠጥተው ክብደት ጨምረው ነበር የጨረሱት። ደም በውሃ ሲቀጥን አንጎል ያብጣል፤ ይህም ይገድላል። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ከእናት ጡት በቀር ውሃ አይሰጠውም። ልባቸው ወይም ኩላሊታቸው የደከመ ሕሙማንም ስንት እንደሚጠጡ የሚወስነው ሐኪማቸው እንጂ ምሳሌ አይደለም።

ጤነኛ አዋቂ ታዲያ በምን ይለካ? ጥሙን ይስማ፤ ሽንቱን ይመልከት። የገለባ ቀለም ከሆነ በቂ ጠጥቷል፤ ፍጹም ውሃ ከመሰለ ያለ ልክ እየጠጣ ሊሆን ይችላል። ጠዋት የመጀመሪያው ሽንት ጠቆር ቢል አያስደነግጥ፤ ሌሊቱን ሙሉ አልጠጣንም። የቫይታሚን ክኒን የዋጠ ሰው ደግሞ ደማቅ ቢጫ ያያል፤ ያ የቫይታሚን ቢ2 ቀለም ነው። ውሃ ጠጥቶም ቡናማ ወይም ቀላ ያለ ሆኖ ከቀጠለ ግን ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

ጥምን መስማት የማይበቃቸው ሰዎች አሉ። በእርጅና ጊዜ የጥም ስሜት ይደክማል፤ ሰውነት ደርቆ እያለ ጥያቄው አይመጣም። አባቴ ሰማንያ አልፏቸዋል። «አልጠማኝም» ሲሉ እውነታቸውን ነው፤ ችግሩም እውነት መሆኑ ላይ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ትቻለሁ። ጠዋት፣ ከምሳ በፊትና ከቀትር በኋላ ብርጭቆውን ሞልቼ ከእጃቸው አጠገብ አኖራለሁ። ሳይጠጡ በፊት ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዩታል። «ጠርቷል» ይሉና ይጠጣሉ። ትናንት ማታ አፍልቼ ያቀዘቀዝኩት መሆኑን አልነግራቸውም፤ የፈላ ውሃ ጣዕም የለውም ይላሉና።