«ድሬ ዋራ ዮ ዲ»፦ ሦስቱም አንድ ናቸው

«ድሬ ዋራ ዮ ዲ» በአፍጋኒስታንና በፓኪስታን የሚነገረው የፓሽቶ ቋንቋ አነጋገር ነው። «ሦስቱም አንድ ናቸው» ማለት ነው። እኛ ስንሰማው ቶሎ ትዝ የሚለን ሥላሴ ነው። ይሄኛው ግን ከእምነት ጋር አይገናኝም፤ የተነገረው ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው።

አነጋገሩን ወደ እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ያስገባው ሩድያርድ ኪፕሊንግ ነው። ቦምቤይ የተወለደ፣ ላሆር በጋዜጠኝነት የሠራ እንግሊዛዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1888 አላሃባድ ላይ በታተመ የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበሉ ውስጥ ለአንዱ ታሪክ ይህንኑ ሐረግ ርዕስ አደረገው። ርዕሱን አልተረጎመውም። አንባቢው ምን ማለት እንደሆነ ሳያውቅ ይገባበታል።

ተራኪው ከአፍጋኒስታን ድንበር አካባቢ የመጣ ፓሽቱን፣ ማለትም ከፓሽቶ ተናጋሪው ሕዝብ ወገን ነው። ለአንድ እንግሊዛዊ ጉዱን ያወራለታል። ሚስቱ ዳውድ ሻህ ከሚባል ሰው ጋር ስትማግጥ ደረሰባት። አንገቷን ቀላ፤ ገላዋን ወንዝ ላይ ጣለው። ሐረጉ የሚፈታው እዚህ ነው። ራስ የሌለው ገላ፣ ብርሃን የሌላት ነፍስ፣ የጨለመው የራሱ ልብ፦ ሦስቱም አንድ ናቸው ይላል።

አቆጣጠሩን ልብ በሉት። ገላው የእሷ ነው፣ ልቡ ግን የእሱ። ገዳዩ ራሱን ከገደላት ሴት ጋር ደምሮ ቆጠረ። «እኔም ሞቻለሁ» ብሎ በግልጽ አይናገርም፤ አነጋገሩ ግን ይናገርበታል። ከዚያ በኋላ የቀረው ሥራ ዳውድ ሻህን ማሳደድ ብቻ ነው። ከፔሻዋር ተነስቶ ሕንድ ውስጥ ድረስ ይከተለዋል። ታሪኩ ሲያልቅም ገና አላገኘውም።

እንደ ጽሑፍ በጣም ኃይለኛ ነው። ቅር የሚለኝ ነገር ግን አለ። ፓሽቱኖች የሚተዳደሩበት ፓሽቱንዋሊ የሚባል ያልተጻፈ ሕግ አለ። «ባዳል» ማለትም ደም መመለስ በእርግጥ አንዱ ነው። ግን እንግዳን ያለ ክፍያ የማስተናገድ ግዴታም አለ፤ «ሜልማስትያ» ይሉታል። ጠላትህ እንኳ ቤትህ ገብቶ ቢማጸንህ የምትጠብቅበት «ናናዋቴ» አለ። በዚህ ታሪክ በኩል ለእንግሊዝኛ አንባቢ የደረሰው በቀሉ ብቻ ነው። የተገደለችው ሴት ደግሞ አንዲት ቃል አትናገርም። የምናውቃት በገዳይዋ አፍ ብቻ ነው።

ስለ እነዚህ ልማዶች የፓሽቱን ሴት ራሷ በእንግሊዝኛ የጻፈችበት ጊዜም መጥቷል። የፓኪስታኗ ስዋት ሸለቆ ልጅ ማላላ ዩሱፍዛይ እ.ኤ.አ. በ2013 ከአንዲት ጋዜጠኛ ጋር ባወጣችው የሕይወት ታሪኳ ስለ እንግዳ አቀባበሉም ስለ ባዳልም ታስረዳለች። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ስትናገር፣ የተኮሰባትን የታሊባን ታጣቂ እንደማትጠላው፣ ጠመንጃ በእጇ ቢሆንና ፊቷ ቢቆም እንኳ እንደማትተኩስበት ተናገረች።