ሙግትም ሽምግልናም ያልሆነው ንግግር፦ የመደማመጥ ውይይት ምንድን ነው?

በእኛ ዘንድ ባላንጣዎች የሚነጋገሩባቸው ሁለት የቆዩ መንገዶች አሉ። አንደኛው ሙግት ነው፤ ድሮ ዳኛ ፊት «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ የሚፋጠጡበት፣ አንደበቱ የተባ የሚረታበት። ሁለተኛው ሽምግልና ነው፤ ሽማግሌዎች መሀል ገብተው «አንተም ተው፣ አንተም ተው» ብለው የሚያስታርቁበት። በአንዱ ረቺ አለ፣ በሌላው እርቅ አለ። መርታትም መታረቅም የማይቻልበት ጉዳይ ሲመጣ ግን ሁለቱም አያዋጡም።

ጽንስ ማቋረጥ እንዲህ ያለ ጉዳይ ነው። አንዱ ወገን በማኅፀን ያለው ሰው ነው፣ ሰው ደግሞ አይገደልም ይላል። ሌላው ሴት በገዛ አካሏና በኑሮዋ ላይ የምትወስነው ራሷ ናት ይላል። የመጀመሪያውን «እስቲ ግማሽ መንገድ ና» ማለት ግማሽ ግድያን እሺ በል ማለት ይሆንበታል፤ ሁለተኛዋን እንዲሁ ብሎ መለመን በገዛ ሰውነትሽ ላይ ግማሽ ባለቤት ሁኚ እንደማለት ነው።

የመደማመጥ ውይይት የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ጠብ የተበጀ ንግግር ነው። ግቡ ማሳመን አይደለም፤ መስማማትም አይደለም። የሚፈለገው ባላንጣህ የሚያምነውን ለምን እንደሚያምን፣ እሱ ራሱ «አዎ፣ ያልኩት እንደዚያ ነው» እስኪል ድረስ መረዳት ነው። በወሬ ቀላል ነው። ከወንድሜ ጋር ስለ ሌላ ጉዳይ ሞክሬው አምስት ደቂቃ አልቆየሁም።

ይህን መንገድ ካሰቡት አንዷ ላውራ ቼዚን የተባለች አሜሪካዊት የቤተሰብ ቴራፒስት ናት። እ.ኤ.አ. በ1989 ስለ ጽንስ ማቋረጥ የተደረገ የቴሌቪዥን ክርክር ስታይ ተናጋሪዎቹ እየተጯጯሁ አንዱ የሌላውን መስማት ሲያቅታቸው፣ ነገሩ ቢሮዋ ከሚመጡት የተኳረፉ ባልና ሚስቶች ጋር ተመሳሰለባት። ለባልና ሚስት የሚሠራው ለፖለቲካ ጠላቶችስ ለምን አይሠራም? ብላ ቦስተን አጠገብ ከባልደረቦቿ ጋር አንድ ፕሮጀክት ጀመረች። ዘዴው በጥያቄ ይጀምራል፤ ጥያቄዎቹም ሦስት ናቸው ማለት ይቻላል። ይህ ጉዳይ ወደ አንቺ ሕይወት የገባው እንዴት ነው? ለአንቺ የነገሩ ልብ ምኑ ላይ ነው? በራስሽ አቋም ውስጥ የሚያጠራጥርሽ፣ የሚያመነታሽ ቦታ አለ? በእኔ ግምት ኃይሉ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው። ሙግት ላይ ጥርጣሬህን መናገር መረታት ነው፤ እዚህ ግን የምትጠየቀው እሱኑ ነው።

ዘዴው በብርቱ የተፈተነው ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 30 ቀን 1994 ጆን ሳልቪ የተባለ ወጣት ከቦስተን ጋር በተያያዘችው ብሩክላይን ከተማ ጽንስ የማቋረጥ አገልግሎት ወደሚሰጡ ሁለት ክሊኒኮች ጠመንጃ ይዞ ገባ። በእያንዳንዱ ክሊኒክ አንዲት እንግዳ ተቀባይ ገደለ፤ ሌሎች አምስት ሰዎች አቆሰለ። የማሳቹሴትስ ገዢ ዊልያም ዌልድና የካቶሊኩ ካርዲናል በርናርድ ሎው የሁለቱ ወገን መሪዎች እንዲነጋገሩ ጠየቁ። በሴፕቴምበር 1995 ስድስት ሴቶች ተቀመጡ፤ ሦስቱ ከሕይወት ተሟጋቾች፣ ማለትም ጽንስ ማቋረጥን ከሚቃወሙት፤ ሦስቱ ከምርጫ ተሟጋቾች፣ ማለትም ምርጫው የሴቷ ነው ከሚሉት። ከአንደኛው ወገን ጠበቃ፣ ኬሚስትና የሀገረ ስብከቱ የሕይወት ጉዳዮች ቢሮ ኃላፊ፤ ከሌላኛው የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ቄስና የሁለት የመብት ድርጅቶች መሪዎች። የተመራው በቼዚንና ሱዛን ፖዲዝባ በተባለች ሸምጋይ ነበር።

ስብሰባው ምስጢር ነበር፤ የሚፈሩት ከተቃዋሚ ይልቅ የራሳቸውን ሰው ነው። «ከነፍሰ ገዳይ ጋር ሻይ ጠጣች» መባል ለአንዷ፣ «ሴትን ከሚጨቁኑ ጋር ተወዳጀች» መባል ለሌላዋ ስሟን የሚያጠፋ ነገር ነው። ሦስቱ የሕይወት ተሟጋቾች ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት በአቅራቢያው ባለ ምግብ ቤት ተቀምጠው አብረው ጸለዩ። ያሰቡት አራት ጊዜ ብቻ ለመገናኘት ነበር። ከአምስት ዓመት በላይ፣ ከ150 ሰዓት በላይ ቆዩ።

መጀመሪያ የተጋጩት በስም ነው። እንዴት እንጠራራ? «ሌላው ራሱን በሚጠራበት ስም» ተባለና አለፈ። ከዚያ የሚያቆስሉ ቃላትን ዘረዘሩ። አንዱ ወገን «ሕፃን ገዳዮች» መባልን፣ ሥራው ከአይሁድ እልቂት ጋር መነጻጸሩን መስማት አይችልም፤ ሌላው «ወንዶች የሚያዝዟቸው የሃይማኖት አክራሪዎች» መባሉ ያንገበግበዋል። እነዚህ ተተዉ። አስቸጋሪው በማኅፀን ያለውን ምን እንበለው የሚለው ነበር። እነዚያ «ያልተወለደ ሕፃን» ይላሉ፣ እነዚህ «ጽንስ» ይላሉ፤ በቃሉ የተስማማ ክርክሩን ግማሽ ተሸነፈ ማለት ነው። በመጨረሻ «የሰው ጽንስ» በሚለው ተስማሙ፤ ማናቸውም አልወደዱትም፣ ሁሉም ተጠቀሙበት። በእኛም ቋንቋ ይኸው ጠብ አለ። «ማስወረድ»፣ «ውርጃ»፣ «ጽንስ ማቋረጥ»፣ «ነፍስ ማጥፋት» ከሚሉት አንዱን ያነሳ ሰው ወገኑን ተናግሯል። እኔም ይህን ጽሑፍ በወንጀል ሕጋችን ቃል የጀመርኩት ለዚህ ነው፤ ያም ቢሆን የማይቀበለው አንባቢ ይኖራል።

ከቃላቱ በታች ሌላ ገደል አገኙ። የሕይወት ተሟጋቾቹ ለሁሉም ሰው፣ በሁሉም ዘመን የሚሠራ አንድ እውነት አለ ብለው ያምናሉ። የምርጫ ተሟጋቾቹ የሞራል ውሳኔ ከኑሮና ከሁኔታ ተነጥሎ አይታይም ይላሉ። ጽንስ ማቋረጥ የዚህ ጥል አንድ ቅርንጫፍ እንጂ ሥሩ አልነበረም። ይህን ሲያዩ «ትንሽ ብንነጋገር እንስማማለን» የሚለው ተስፋ አለቀ፤ የሚገርመው ግን ንግግሩ አላለቀም።

ታዲያ ምን ጠቀመ? ከግድያው አንደኛ ዓመት መታሰቢያ ላይ፣ በብሩክላይን ምኩራብ ውስጥ፣ ከምርጫ ተሟጋቾቹ ሁለቱ ሲናገሩ ከሕይወት ተሟጋቾቹ ሁለቱ ከሕዝቡ መሀል ተቀምጠው ነበር። በኋላ ደግሞ የሳልቪን ግድያ በአደባባይ ያጸደቀ አንድ ሰባኪ ከቨርጂኒያ ሊመጣ ሲነሳ፣ የሕይወት ተሟጋቾቹ ራሳቸው በዚህ አትፈለግም ብለው ጻፉለት፤ ጉዞውን ሰረዘ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 2001 ስድስቱም በስማቸው ፈርመው በቦስተን ግሎብ ጋዜጣ ታሪኩን አወጡት። እዚያ የጻፉት ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ፦ እርስ በርስ መከባበርን ሲማሩ፣ እያንዳንዳቸው በጽንስ ማቋረጥ ላይ ያላቸው አቋም ይበልጥ ጠነከረ እንጂ አልላላም።

ስለዚህ መደማመጥንና ሰጥቶ መቀበልን አንድ አድርጎ ማየት ስህተት ነው። በስድስቱ ሴቶች ንግግር ማንም አልሰጠም፤ ከተሰጠም ያቺ «የሰው ጽንስ» የምትል ቃል ብቻ ናት። ሰጥቶ መቀበል የሚገባው ሕግ ሲጻፍ ነው፤ ሕግ እንደ ስድስቱ ሴቶች «አልተስማማንም» ብሎ ሊነሳ አይችልም፣ የሆነ ነገር መደንገግ አለበት።

የኛ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንድ ምሳሌ ነው። ጽንስ ማቋረጥ ወንጀል ነው ብሎ ይነሳና በአንቀጽ 551 የማያስቀጣበትን ይዘረዝራል፦ በመደፈር ወይም ከቅርብ ዘመድ የመጣ እርግዝና፣ የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ ጽንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ሲኖርበት፣ እናቲቱ በአካል ወይም በአእምሮ ጉዳት ወይም በዕድሜዋ ማነስ ልጅ ለማሳደግ ዝግጁ ሳትሆን ስትቀር። ለተደፈረችው የራሷ ቃል ይበቃል፤ ማስረጃ አምጪ አትባልም። በድብቅ ውርጃ የሚሞቱ ሴቶችን ያዩ ሐኪሞች ከዚህ በላይ እንዲከፈት ፈልገው ነበር፤ የሃይማኖት ሰዎች ይህም በዛ አሉ።

ጀርመኖች የደረሱበት ደግሞ የበለጠ እንግዳ ነው። ምሥራቅ ጀርመን ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ፈቅዳ ነበር፤ ምዕራቡ ግን የሚፈቅደው በተወሰኑ ምክንያቶች ብቻ ነበር። አገሩ ሲዋሐድ ሁለቱን ማስታረቅ ግድ ሆነ። እ.ኤ.አ. የ1995ቱ ሕግ በእነዚያው 12 ሳምንታት ጽንስ ማቋረጥ ሕገ ወጥ ነው፣ ግን አያስቀጣም ይላል፤ ሴትዮዋ ከታወቀ አማካሪ ጋር ተነጋግራ፣ መመካከሯን የሚያረጋግጥ ወረቀት ወስዳ፣ ሦስት ቀን ከጠበቀች። ምክሩ ለጽንሱ ሕይወት እንዲያደላ ታዝዟል፤ ውሳኔው ግን የእሷ ነው። የካቶሊክ አማካሪዎችም ወረቀቱን ይሰጡ ነበር፣ ቢያንስ ሴትዮዋ ወደ እኛ ትምጣ ብለው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ግን ያቺ ወረቀት የማቋረጥ ፈቃድ መሆኗ ነው ብለው ጳጳሳቱን ከሥራው አስወጡ። እ.ኤ.አ. በ1999 የተወሰኑ ምእመናን፣ ጽንስ ማቋረጥን የሚቃወሙ ካቶሊኮች፣ ዶኑም ቪቴ የሚባል የራሳቸውን የምክር ድርጅት ከቤተ ክህነቱ ውጭ አቋቋሙ። ወረቀቱን ዛሬም ይሰጣሉ።