«ኮፒ እኮ ነው፣ ምን ያደርጋል?» ቤት ስንከራይ ስለምንሰጠው መታወቂያ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ባለፈው ቤት ስቀይር አዲሷ አከራዬ የመታወቂያ ኮፒ ጠየቁኝ። መታወቂያዬን ይዤ ሰፈር ውስጥ ወዳለ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። ሰልፍ ነበር። ልጁ ቀና እንኳ ሳይል «ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም ላኩልኝ፣ እሱ ይፈጥናል» አለን፤ አድራሻው ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ተራዬ ደርሶ ወደ ኮምፒውተሩ ስጠጋ ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች የሰው መታወቂያ ነው። ፋይዳ የሚባለው ዲጂታል መታወቂያ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ ፓስፖርት፣ የሕፃን ልደት ሰርተፊኬት። ልጁ የእኔን ፈልጎ ወደ ላይ ሲገፋው ሌላ ይመጣል፣ ደግሞ ሌላ። የላከው ሰው ወረቀቱን ተቀብሎ ሄዷል፤ ምስሉ ግን እዚያው ቀርቷል። ልጁ ወረቀት ሊያመጣ ወደ ጓዳ ሲገባ ኮምፒውተሩ ክፍት እንደሆነ ከአምስት ሰው ጋር ቆሜ ጠበቅኩት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ጉዳይ ከጎረቤትም ከሥራ ባልደረባም ጋር ባነሳሁ ቁጥር የሚሰጡኝ መልሶች ይደጋገማሉ። አንዳንዶቹ ከቸልተኝነት የመጡ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ከልክ ካለፈ ፍርሃት። አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«አከራይ መታወቂያ የመጠየቅ መብት የለውም»

አለው። አከራዩ ቤቱን ለማን እንደሚሰጥ ማወቁ ተገቢ ነው፣ ሕግም ይደግፈዋል። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ ቀርቦ እንዲመዘገብ ያዛል። ውል ላይ ሙሉ ስም ይሰፍራል፤ ስሙ የእኔ መሆኑ ደግሞ የሚታወቀው በመታወቂያ ነው። የጸጥታውም ጉዳይ አለ። በ2001 የወጣው የጸረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ቤት ያከራየ ሰው የተከራዩን ማንነት በዝርዝር መዝግቦ በ24 ሰዓት ውስጥ ለቅርቡ ፖሊስ ጣቢያ እንዲያሳውቅ በአንቀጽ 15 ግዴታ ጥሎ ነበር። ያ አዋጅ በ2012 በቁጥር 1176 ተተክቷል። ነገር ግን «ነገ ፖሊስ ቢመጣ ምን አሳያለሁ?» የሚሉ አከራይ ከመሬት ተነስተው እንዳልፈሩ ከዚህ ይገባናል።

ልብ በሉ ታዲያ፦ ያ ጥብቅ አዋጅ እንኳ ስለ አገሬው ተከራይ ያለው «መዝግብና ለፖሊስ አሳውቅ» ነው። ኮፒን ያነሳው ስለ ውጭ ዜጋ ፓስፖርት ሲናገር ነበር። መታወቂያ ማየት አንድ ነገር ነው፣ ከላዩ ስምና ቁጥር መመዝገብ ሌላ፣ ኮፒውን ወስዶ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ደግሞ ሌላ። እኛ ዘንድ ሦስቱም «መታወቂያ አምጪ» በሚለው አንድ ቃል ስለሚጠሩ ተምታተዋል። የሚበዛው ጣጣ የሚመጣው ከዚህ መምታታት ነው ባይ ነኝ።

«ኮፒ ምን ያደርጋል፣ ኦርጅናሉ እኔ ጋ ነው»

እስቲ መታወቂያችሁን አውጡና እንደ ሌላ ሰው አንብቡት። ሙሉ ስም ከነአያት፣ የትውልድ ቀን፣ ፎቶ፣ አድራሻ። የቀበሌ መታወቂያ ከሆነ በአደጋ ጊዜ የሚጠራው ሰው ስምና ስልክም አለበት፤ ይህ ማለት የእናታችሁን ወይም የወንድማችሁን ስልክ ሳይጠየቁ ለማያውቁት ሰው ሰጣችሁ ማለት ነው። በቆዩት የቀበሌ መታወቂያዎች ላይ ደግሞ ብሔር ይጻፍ ነበር። ተከራይ በብሔሩ የተነሳ «ቤቱ ተይዟል» የተባለበትን አጋጣሚ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ፋይዳ ብሔርም ሃይማኖትም አይመዘግብም። ስለዚህ ሁለቱም መታወቂያ ያላችሁ ሰዎች የትኛውን እንደምታሳዩ የመምረጥ ዕድል አላችሁ፤ ተጠቀሙበት።

ፋይዳ ግን የራሱ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ሁለት ቁጥሮች አሉት። ባለ 12 አሃዙ ፊን የሚባለው የሰውየው ቋሚ መለያ ነው። ባለ 16 አሃዙ ፋን ደግሞ በፊን ምትክ ለሌላ እንዲሰጥ የተዘጋጀ ቁጥር ነው። ለአከራይ ኮፒ የሚሰጥ ሰው ፊኑን ቢሸፍነው ማንም አይጎዳም። ኪውአር ኮዱንም እንደዚያው፤ ያቺ ጥቁርና ነጭ ሳጥን ለጌጥ የተቀመጠች አይደለችም፣ መረጃ ይዛለች። ፊኑን በእስኪርቢቶ ሰርዞ ኪውአሩን መተው በሩን ቆልፎ መስኮቱን ከፍቶ እንደመሄድ ነው።

«እሺ፣ በዚህ ወረቀት ምን ያደርጉበታል?» ይሉኛል። ኮፒ ብቻውን የባንክ ሒሳብ አያስከፍትም፣ እውነት ነው። አደጋው ሌላ ነገር ሲጨመርበት ነው። አንድ ሰው ደውሎ ሙሉ ስማችሁን ከነአያት፣ የልደት ቀናችሁንና የሰፈራችሁን ስም ቢጠራላችሁ «ከባንክ ነው የምደውለው» ሲል ታምኑታላችሁ። ቀጥሎ «ስልክዎ ላይ የገባውን ኮድ ይንገሩኝ» ይላል። በፋይዳ ማንነት ሲረጋገጥ ኮድ የሚላከው ወደ ባለቤቱ ስልክ ነው፤ ያ ኮድ የመጨረሻው በር ነው። ለአከራይ፣ ለደላላ፣ «ለማስመዝገብ ነው» ለሚል ለማንም በስልክ አይነገርም። ማረጋገጥ ካስፈለገም ባለቤቱ በአካል ባለበት ነው።

«ቤቱን ለማየትም መታወቂያ መላክ ግድ ነው»

ይህ የደላላ ፈጠራ ነው። «እህቴ፣ መታወቂያሽን ላኪልኝና ባለቤቱን ላናግርልሽ» ይላል። ቤቱ ይኑር አይኑር ገና አልታወቀም፣ ዋጋው አልተነገረም፣ ደላላውን ራሱን አላየሁትም። እኔ መታወቂያውን ከሰጠሁት ለባለቤቱ ይላክ፣ ለሌላ ደላላ ይላክ፣ ወይም በስሜ ሌላ ሰው ያጭበርብርበት የማውቅበት መንገድ የለኝም። ለጉብኝት የሚያስፈልገው ስምና ስልክ ነው። መታወቂያ የሚታየው ቤቱ ታይቶ፣ በዋጋ ተስማምተን፣ ውል ልንጽፍ ስንቀመጥ ነው፤ ያኔም ለአከራዩ እንጂ ለደላላው አይደለም። ደላላው ምስክር ሆኖ ቢፈርም እንኳ የእኔ ኮፒ እሱ እጅ መግባት የለበትም።

ውል ስንጽፍ ደግሞ መታየት ያለበት የተከራይ ብቻ አይደለም። የአከራዩ መታወቂያ፣ የቤቱ ካርታ፣ ወኪል ከሆነም ውክልናው ይታያል። ባለቤት መስሎ ቀብድ ተቀብሎ የሚጠፋ ሰው ባለበት ከተማ ይህን መጠየቅ ነውር የለበትም። ብዙ ተከራይ ያፍራል፤ እኔም ለረጅም ጊዜ አፍር ነበር።

«በቴሌግራም ልኬ ወዲያው ሰርዤዋለሁ»

እናንተ ጋ ተሰርዟል። ተቀባዩ ስልክ ላይ ምስሉ ራሱ ወደ ጋለሪ ገብቶ፣ ከጋለሪ ወደ ኢንተርኔት ማከማቻ ተሻግሮ ሊሆን ይችላል። ለደላላዎች ግሩፕ ተልኮም እንደሆነ አታዩትም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም እንደሚባለው ነው።

ስለዚህ የሚመረጠው ወረቀት ነው፤ ወረቀቱም ሲሆን ሲሆን ዓይናችሁ እያየ በማሽኑ ላይ ተገልብጦ የሚወጣ። የግድ በስልክ መላክ ካለበት አስቀድማችሁ ምስሉ ላይ ጻፉበት። እኔ የማደርገው ይህ ነው፦ በኮፒው መሃል አግድም ሁለት መስመር አሰምርና በመካከላቸው «ለቤት ኪራይ ውል ብቻ» ብዬ፣ ቀኑንና የቤቱን አድራሻ እጽፋለሁ። ጽሑፉ ስሙና ፎቶው ላይ ትንሽ መውጣት አለበት፣ ጥግ ላይ ከሆነ በመቀስ ይቆረጣል። በስልክ ስትሸፍኑ ደግሞ ድፍን ቀለም ተጠቀሙ። ብርሃን በሚያሳልፈው ማድመቂያ የተሸፈነ ቁጥር ብርሃኑን ከፍ ዝቅ ሲያደርጉት ተመልሶ ይነበባል።

«ኦርጅናሉን መያዣ አድርጎ ማስቀመጥ የተለመደ ነው»

ልማድ መሆኑ ትክክል አያደርገውም። መታወቂያ የገንዘብ ዕቃ አይደለም፣ በመያዣም አይሰጥም። ሌሊት ታማችሁ ሐኪም ቤት ብትሄዱ፣ መንገድ ላይ ፖሊስ ቢያስቆማችሁ፣ ባንክ ብትገቡ ያስፈልጋል። አይቶ መመለስ ነው፣ በቃ።

«ኮፒ ከያዝኩ ዋስትና አለኝ»

ይህ የአከራዮች ነው። ያለ ክፉ ሐሳብ ስለሚባል በአክብሮት መመለስ ይገባዋል። ኮፒ ማንነትን አያረጋግጥም። ሐሰተኛ መታወቂያም ኮፒ ሲደረግ እንደ እውነተኛው ነው የሚወጣው፤ እንዲያውም ኮፒው ጉድለቱን ይደብቅለታል። የሚጠቅመው ኦርጅናሉን በእጅ ይዞ ፎቶውን ከፊት ከቆመው ሰው ጋር ማስተያየት፣ ውሉን ማስመዝገብና ኪራዩን አዋጁ እንደሚለው በባንክ መቀበል ነው። ኪራይ በባንክ ሲገባ የከፋዩ ስም በየወሩ አብሮ ይመጣል። ተከራዩ ዕዳ ጥሎ ቢሄድ ክርክር የሚቆመው በተመዘገበ ውልና በባንክ ማስረጃ ላይ ነው።

እንዲያውም የብዙ ሰው ኮፒ ቤት ውስጥ ማከማቸት አከራዩን ራሱን ያሰጋዋል። በአንዱ ስም ወንጀል ቢሠራ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ኮፒው ማን እጅ ነበር?» ነው።

«እኛ አገር ለዚህ የሚሆን ሕግ የለም»

የግል ሕይወት የመከበር መብት በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ላይ አለ። ዝርዝሩ የመጣው ግን በ2016 ነው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321። የኪራዩ አዋጅ 1320፣ የዳታው 1321፤ በአንድ ሰሞን የጸደቁ ተከታታይ አዋጆች ናቸው፣ ስለ ኪራዩ ግን ሁሉም ሲያወራ ስለ ሁለተኛው ብዙ አልተወራም። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው። የሰው መረጃ የሚሰበሰበው ለታወቀ ዓላማ ነው፣ ለዓላማው ከሚበቃው በላይ አይሰበሰብም፣ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ አይያዝም። ይህን እንዲከታተል ሥልጣን የተሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የፋይዳው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅም ከዚያ በፊት በ2015 በቁጥር 1284 ወጥቷል።

በዚህ ሚዛን ሲታይ ለአንድ ክፍል ቤት መታወቂያ ከመታየቱ አልፎ የጋብቻ ሰርተፊኬት፣ የደመወዝ ደብዳቤና የዘመድ መታወቂያ የሚጠየቅበት ምክንያት መነገር አለበት። ዋስ ከተጠራ ዋሱ ራሱ ቀርቦ የራሱን ያሳይ፤ የወንድሜን መታወቂያ እኔ በስልኬ ይዤ መዞር የለብኝም።

«ውጭ አገር እንዲህ ያለ ነገር የለም»

አለ፣ ደንቡ ነው የሚለየው። እንግሊዝ ውስጥ አከራይ የተከራይን የመኖር ፈቃድ የማጣራት ሕጋዊ ግዴታ አለበት፤ ኮፒውንም ኪራዩ ካለቀ በኋላ አንድ ዓመት ያቆያል። ስለዚህ ለንደን ላለች እህት «አልሰጥም» ማለት ቤቱን መተው ነው። ጀርመን ውስጥ ደግሞ የመታወቂያ ኮፒ የሚወሰደው ባለቤቱ ሲፈቅድ ብቻ ነው፣ ወረቀቱም ኮፒ መሆኑ በግልጽ መታየት አለበት፣ ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍ የሚችለውም ባለቤቱ ብቻ ነው። ፍራንክፈርት የምትኖሩ ይህን ሳታውቁ ገና ለቤት ጉብኝት ፓስፖርታችሁን አትላኩ።

«ጥያቄ ካበዛሁ ቤቱን አጣለሁ»

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፣ ምክንያቱም አንዳንዴ እውነት ነው። ቤት በጠፋበት ከተማ ከተከራይ ጀርባ ሌላ አሥር ሰው ይጠብቃል። ቢሆንም ከልምዴ ያየሁት፣ አከራዮችን የሚያስቆጣው ጥያቄው ሳይሆን አጠያየቁ ነው። «ለምን ፈለጉት?» ብዬ ስጀምር ፊታቸው ይለወጣል። አሁን ግን ኦርጅናሉን አስቀድሜ በእጃቸው እሰጣለሁ፤ «እትዬ፣ ይኸው ይዩት፣ ስሜንና ቁጥሩን ውሉ ላይ ይጻፉት» እላለሁ። ብዙዎቹ እዚያው ላይ ያበቃሉ። ኮፒም ካሉ «ይኸው፣ ለዚህ ቤት ብቻ ብዬ ጽፌበታለሁ፣ ቢጠፋ እንኳ ለእርስዎም ለእኔም ችግር እንዳያመጣ» እላለሁ። እስካሁን በዚህ የተነሳ ቤት የከለከለኝ የለም።

«ከለቀቅኩ በኋላ ኮፒው ምን አገባኝ»

ኮፒ አደራ ነው። የተሰጠበት ጉዳይ ሲያልቅ ይመለሳል ወይም ይጠፋል። ቁልፍ ስታስረክቡ፣ የመብራትና የውሃ ሒሳብ ስትዘጉ፣ አብራችሁ ጠይቁት።

አሁን ካለሁበት በፊት የነበርኩበትን ቤት ስለቅ አከራዬን ጠየቅኳቸው። እማማ ቁም ሣጥን ከፍተው የብስኩት ቆርቆሮ አወጡ። ውስጡ የተከራዮቻቸው ኮፒ ነው፣ የ12 ዓመት። የአንዳንዱ ቀለም ለቆ ፊቱ አይታይም። አንዷን አንስተው «ይህቺ አረብ አገር ሄደች፣ ጥሩ ልጅ ነበረች» አሉ። የእኔን ሰጡኝና ቆርቆሮውን ይዘው ቆዩ። «የሌሎቹንስ ምን ላድርጋቸው? ባለቤቶቻቸው ወዴት እንዳሉ አላውቅ።» ከሰሉ ገና አልተያያዘም ነበር። ስም እንዳይነበብ እየቀደድን ማንደጃው ውስጥ ጨመርናቸው፣ ቡናውም ተፈላ።